“ሆንዳህ ታምራለች”

በሥነ-ጽሑፍና በባህል መጽሔት ላይ ስለ ሞተር ብስክሌት ሂስ ይጻፋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ርእስ ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ እኔም ፊቴን ሳላዞር አልቀርም ነበር። ነገር ግን በ1998 (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በሚታይበት በዚያ ጠመዝማዛ አዳራሹ ውስጥ 114 ሞተር ብስክሌቶች ደርድሮ “የሞተር ብስክሌት ኪነት” በሚል ርእስ ለሕዝብ አቀረበ። አዳራሹን ለዚሁ ብሎ በሚያብረቀርቅ ብረት ያለበሰው ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ነበር። ቅር ያላቸው ሐያስያን ብዙ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ጎረፈ። እንግዲህ በሩን የከፈትሁት እኔ አይደለሁም፤ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት።

የምናገረው ስለ አንዲት ብስክሌት ብቻ ነው። ስሟ ቪ-ሮድ ይባላል፤ ሠሪዋ ሃርሊ-ዴቪድሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዘሯ “ፓወር ክሩዘር” ከሚሉት ወገን ነው። ቁመናዋ የሽርሽር ነው፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ ነጂዋ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ ጌታ የሚቀመጥባት። ጉልበቷ ግን የእሽቅድምድም ነው። ሁለቱ ጠባዮች በአንድ አካል መኖራቸው ነው የዚህ ጽሑፍ ምክንያት።

ያየኋት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ ወርዶ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይሠራል። (በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያዎች አማርኛ መስማት ብርቅ እንዳልሆነ የሄደ ሁሉ ያውቃል።) ከአዲስ አበባ ስነሣ አክስቴ በርበሬውንና ሽሮውን ካሸከሙኝ በኋላ የሰጡኝ አደራ አንድ ነበር፤ “ያንን ሞተር አስጥይልኝ፣ ልጄ።” ስለዚህ ብስክሌቷ ፊት የቆምሁት እንደ ሐያሲ ሳይሆን እንደ አማላጅ፣ ይልቁንም እንደ ከሳሽ ነበር።

ጥግ ይዛ በመቆሚያዋ ላይ ዘመም ብላለች። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ርዝመቷ ነው፤ ከፊተኛው ጎማ እምብርት እስከ ኋለኛው 1 ሜትር ከ71 ሳንቲ ሜትር፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ኮርቻዋ ግን ከመሬት 66 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የፊት ሹካዋ እንደ ሌሎቹ ቀና ብሎ አልቆመም፤ በ38 ዲግሪ ተንጋሎ ጎማውን ሩቅ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጎማዎቿ በሽቦ የተወጠሩ አይደሉም፤ ቸርኬያቸው ድፍን የአሉሚኒየም ሳህን ነው። ቀለም አልተቀባችም። በ2002 ሞዴልነት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቪ-ሮዶች ልብሳቸው አሉሚኒየም ነበር፤ ብረቱ ዝገት እንዳይደፍረው ብቻ ታክሞ የገዛ መልኩን እንደያዘ ቀርቷል። በዚያ ደብዛዛ የኒዮን ብርሃን ሥር ስትታይ ተኝቶ ዓይኑን ያልከደነ እንስሳ ትመስላለች።

ታዲያ ወዲያውኑ የፈረድሁት ፍርድ “ማስመሰል” የሚል ነበር። ሦስት ትምህርት የጨረሰ ጋዜጠኛ ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት፤ ቅርጽ ይዘትን ሲበልጥ የምንወረውራት። ፍርዴን ለማንሳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላነሳሁትም።

የሃርሊን ነገር ያለ ድምፁ መናገር አይቻልም። ዊልያም ሃርሊና አርተር ዴቪድሰን በ1903 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው የሙጥኝ ያለው አንድ የሞተር ዓይነት አለ። ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ እንደ “ቪ” ፊደል ተከፍተው ይቆማሉ፤ ሁለቱም ፒስተኖች ግን ክራንክ ሻፍቱን የሚያዞሩት በአንድ ፒን ላይ ተጣምረው ነው። በዚህ የተነሣ ፍንዳታቸው እኩል አይራራቅም፤ አንደኛው 315 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 405 ዲግሪ ጠብቆ ነው የሚፈነዳው። ጆሮ የሚሰማው ታዲያ የሚያነክስ ምት ነው። አሜሪካኖቹ “ፖቴቶ-ፖቴቶ” ይላል ይላሉ፤ ለእኔ ግን አንድ አንካሳ ሽማግሌ በእንጨት ወለል ላይ ከዘራውን እየደገፈ ሲመጣ ነው የሚመስለኝ። ለመሐንዲስ ይህ ጉድለት ነው። ለወዳጁ ግን ዜማ ሆነ።

ዜማውን የሃይማኖት ያህል ያከበደው ደግሞ ታሪክ ነው። ኩባንያው በ1969 ኤ.ኤም.ኤፍ. በሚባል ድርጅት እጅ ወደቀ፤ የሥራው ጥራት ዘቀጠ፤ የጃፓን ብስክሌቶች፣ በተለይ ሆንዳ፣ ገበያውን ወረሱት። በ1981 አሥራ ሦስት ኃላፊዎች ተበድረው መልሰው ገዙት። በ1983 የሬገን መንግሥት ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ የውጭ ብስክሌቶች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለለት። ከዚያ ወዲህ ሃርሊ መንዳት የአገር ጉዳይ መሰለ፤ “ሆንዳ” የሚለውም ቃል በነጂዎቹ አፍ የኩባንያ ስም ብቻ መሆኑ ቀረና ስድብ ቢጤ ሆነ። በመጨረሻም በ1994 ኩባንያው የማይታመን ነገር አደረገ፤ የሞተሩን ድምፅ ራሱን በንግድ ምልክትነት ይመዝገብልኝ ብሎ አመለከተ። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙ፤ ክርክሩ ተጓተተ፤ በ2000 ሃርሊ ማመልከቻውን ተወው። ነጂዎቹ በበኩላቸው የማርሚታውን ማፈኛ እያወጡ ድምፁን እጥፍ አድርገው ያጮኹታል፤ ለምን ሲባሉ “ጩኸት ነፍስ ያድናል” የምትል መልስ አለቻቸው። ሰበብ ናት ብዬ አልፌያታለሁ።

“ድምፄ ንብረቴ ነው” ሲል የኖረው ይኸው ኩባንያ ማመልከቻውን በተወ በዓመቱ፣ በ2001 ሐምሌ፣ ድምፁ የሌላትን ብስክሌት ወለደ።

ቪ-ሮድ አመጣጧ ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ሃርሊ ከ1994 እስከ 2001 ቪ.አር.1000 የተባለች የእሽቅድምድም ብስክሌት ይዞ በአሜሪካ ሱፐርባይክ ውድድር ሲሳተፍ ቆይቶ ነበር፤ አንድም ድል አልቀናውም። ከዚያ ሽንፈት ግን አንድ ሐሳብ ተረፈ፤ ሐሳቡን ለመንገድ የሚሆን ሞተር ለማድረግ ደግሞ የጀርመኑ የፖርሽ መሐንዲሶች አብረው ሠሩ። “ሬቮሉሽን” አሉት፤ አብዮት መሆኑ ነው። (ስሙ ለእኛ ትውልድ ጆሮ የሚያሰማው ሌላ ነገር ነው፤ እንለፈው።) ሲሊንደሮቹ በ45 ሳይሆን በ60 ዲግሪ ተከፈቱ። አባቶቹ በነፋስ ሲቀዘቅዙ እሱ በውሃ ቀዘቀዘ፤ ለሃርሊ የጎዳና ብስክሌት ራዲያተር የመጀመሪያው ነበር። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ፣ ንቅናቄውን የሚያረጋጋ ሚዛን ዘንግ፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር። የዚያ ጊዜው ትልቁ የሃርሊ ሞተር 1,450 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 70 የፈረስ ጉልበት እንኳ ለመድረስ ሲቸገር፣ ይህ 1,130 ሲሲ ብቻ ይዞ 115 አወጣ።

ቁጥሩን የምደረድረው ለመደነቅ አይደለም። በዚያው በ2001 ከ115 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ የጃፓንና የጣሊያን ብስክሌት ሞልቶ ነበር። ዘሩም ቢሆን የሃርሊ ፈጠራ አይደለም፤ ያማሃ በ1985 ቪ-ማክስ የተባለችውን 145 የፈረስ ጉልበት ያላት ብስክሌት ለአሜሪካ ገበያ ሲያወጣ መንገዱን ጠርጎታል። ልዩነቱ ለሃርሊ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ያማሃ ቪ-ማክስን ሲሠራ የሚክደው አባት አልነበረውም። ሃርሊ ግን ቪ-ሮድን ሲሠራ የገዛ ዜማውን ትቶ ነው።

ቅርጿ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የብስክሌቷ እውነትም ውሸትም እዚያው ነውና። አንድ እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤንዚን ሊቀዳ ቆመ። በሌላ ብስክሌት ላይ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ በጉልበቶቹ መካከል ያለውን ሰልባትዮ ከፍቶ ይቀዳል። የእኔው ሰው ግን ወረደ፤ ኮርቻውን እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ገልጦ ቤንዚኑን ከመቀመጫው ሥር ይሞላ ጀመር።

“ታዲያ ይህ ምንድን ነው?” አልሁት፤ ሰልባትዮ መስሎኝ የኖረውን ያንን የሚያምር የብረት ጀርባ መታ መታ አድርጌ።

“እሱማ ባዶ ነው። ነፋስ ነው ያለበት።”

ሰምና ወርቅን በየሰበቡ መጥቀስ የሐያስያን ልማድ ሆኖብን ሰልችቶኛል። እዚህ ግን ማለፍ አልቻልሁም፤ ሰሙ ቤንዚን፣ ወርቁ ነፋስ ነው። ከላይ የሚታየው ልማዳዊው የሰልባትዮ ቅርጽ ነው፤ ውስጡ ግን ሞተሩ የሚተነፍስበት የአየር ማጣሪያ ሣጥን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። ሬቮሉሽን ሞተር ብዙ አየር ይፈልጋል፤ አየሩም ቀጥ ብሎ ከላይ ቢወርድለት ይመርጣል። ከባዱ ቤንዚን ከመቀመጫ ሥር ሲወርድ ደግሞ የብስክሌቷ ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል፤ ያ የተኛ እንስሳ ቁመናዋ የተገኘው በከፊል ከዚሁ ነው። ስለዚህ ማስመሰል ያልሁት ነገር ግማሹ አስፈላጊነት ሆኖ ተገኘ።

ግማሹ ግን አሁንም ማስመሰል ነው። የአየር ሣጥኑ ለምን የሰልባትዮ ቅርጽ መልበስ አስፈለገው? ሳህን ወይም መረብ ለብሶ “እኔ ሳንባ ነኝ” ማለት ሲችል? የንድፍ ክፍሉን ይመራ የነበረው የመሥራቾቹ ቤተሰብ ልጅ ዊሊ ጂ. ዴቪድሰን ነው፤ በ1981 ኩባንያውን መልሰው ከገዙት አንዱም እሱ ነው። የእሱ ቤት ደንበኛ ደግሞ ሰልባትዮ የሌላትን ብስክሌት እንደ ብስክሌት አይቆጥራትም። ፈሩ ማለት ነው። ልቧን ለውጠው ደረቷን የድሮውን አስመሰሉት። ቪ-ማክስም በጎንና በጎኗ አየር የሚውጡ የሚመስሉ፣ የማይውጡ ማንቁርቶች ተለጥፈውባት ነበርና የዘሩ በሽታ ነው እንበል። ደፍሮ የጀመረ ሰው መንገድ ላይ ዞሮ ሲያይ ግን ያሳዝናል።

የመጀመሪያ ጉዟችን ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተን በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚሄደው በጆርጅ ዋሽንግተን ጎዳና ነበር። ሄልሜት አጠለቅሁ፤ በቨርጂኒያ ሕግ ነው፣ በእኔ ግን ፍርሃት ነበር። የኋለኛው ሰው መቀመጫ ብለው የሰጡኝ ቦታ የአንድ እንጀራ ሩብ አይሆንም። “አጥብቀሽ ያዥኝ፤ ስዞር አብረሽኝ ዘንበል በይ፤ አትታገይኝ” አለኝ። በዝግታ ስትሄድ ብስክሌቷ ምንም አትልም። ድምፅዋ የተገራ፣ እኩል፣ እንዲያውም ጨዋ ነው። “ለዚህ ነው እንዴ?” እያልሁ ነበር።

ወደ ትልቁ አውራ ጎዳና የሚያስገባው ዳገት ላይ ስንደርስ ነዳጅ ሰጣት። እስከ 5,000 ዙር ድረስ መጣደፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ ጨዋው ድምፅ ይጠብባል፣ ይወጠራል፣ ወደ ዋይታ ይለወጣል። አካልሽ ከኋላ ይቀርና ሆድሽ ቀድሞ ይሄዳል። ያነከሰ ሽማግሌ የለም፤ ከዘራ የለም። የሚገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን ነጂው እግሩን ዘርግቶ እንደ ሳሎን ሰው መቀመጡ ነው። በእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ነጂው ተጎንብሶ ለፍጥነቱ ይሰግዳል። በቪ-ሮድ ላይ ግን ፍጥነቱ ራሱ ነው መጥቶ የሚያገለግለው። የፓወር ክሩዘር ጠባይና መስህብ በአንድ ነገር ይገለጽ ቢባል ይህንን እላለሁ፤ ጉልበት አለኝ ብሎ የማይቸኩል፣ ተንደላቅቆ ተቀምጦ የሚያስፈራ ሰው። በየሰፈራችን የዚህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም።

ጉድለቷ ብዙ ነው። ዘይትና ውሃ ሳይሞላባት ወደ 270 ኪሎ ትመዝናለች። ያ የተንጋለለ ሹካ ቀጥታ መንገድ ላይ ያጸናታል፤ ኩርባ ላይ ግን፣ የአክስቴ ልጅ እንዳለው፣ “ትለመናለች እንጂ አትታዘዝም።” የመጀመሪያዎቹ ሰልባትዮ 14 ሊትር ብቻ ነበር፤ ሽርሽር እየተባለ በየቤንዚን ማደያው መቆም ነው። (በኋላ ወደ 19 ሊትር አሳድገውታል፤ ሞተሩንም 1,250 ሲሲ አድርሰውታል።) ረጅም መንገድ የሄደ ሰው እጅና እግሩ ወደ ፊት ተወጥረው እንደ ቅንፍ ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። በዋሽንግተን ከ1988 እስከ 2019 በየዓመቱ በግንቦት ማብቂያ ሮሊንግ ተንደር የሚባል ሰልፍ ይደረግ ነበር። የቬትናም ዘማቾችና ወዳጆቻቸው በአያሌ ሺህ ሞተር ብስክሌት ፔንታጎን ማቆሚያ ላይ ተሰብስበው፣ የጠፉትንና የተማረኩትን ለማሰብ ከተማዋን በድምፃቸው እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ። አብዛኛው ሃርሊ ነው። በ2016 የአክስቴ ልጅም ሄደ። ሃርሊ ነድቶ ሃርሊ ከሚነዳ ጋር ሊቆም፤ ሌላ ዓላማ አልነበረውም። አጠገቡ የቆሙ አንድ ሽበታም ሰው ብስክሌቷን ከፊት እስከ ኋላ አይተው፣ በትሕትና፣ ፈገግ ብለው፣ “ሆንዳህ ታምራለች” አሉት።

ይህንን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የተሰደበችው ብስክሌቷ ነች ወይስ እሱ? ብዬ ጠየቅሁት። “ብስክሌቷ ናት፤ ነጮቹንም ቪ-ሮድ ከነዱ እንደዚያ ይሏቸዋል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀልዱ በመላ አሜሪካ የታወቀ መሆኑን በኋላ አረጋግጫለሁ። ቢሆንም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውየው የቆሙለት የሃርሊ ሥዕል ባመዛኙ በ1969 በወጣው “ኢዚ ራይደር” ፊልም የተሳለ ነው። በዚያ ፊልም ላይ የሚታዩትን ረጃጅም ሹካ ያላቸውን ሃርሊዎች የሠሩት ግን ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በፊልሙ ላይ ስማቸው አልተጻፈላቸውም። ማን የቤት ልጅ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ የሚወስነው ጆሮ ሁልጊዜ ታሪክ አዋቂ አይደለም።

ለሽበታሙ ሰው ግን መሟገት ይገባኛል፤ ይህን ሳላደርግ ብቀር ሂሴ ጎደሎ ይሆናል። ያ የሚያነክስ ምት ለእሳቸው ከጦርነት መልስ የሰሙት፣ ጓደኞቻቸውን የቀበሩበት ድምፅ ሊሆን ይችላል። ብስክሌት የገዙ አይመስላቸውም፤ ድምፅ ነው የገዙት። ደግሞስ ድምፁ ማንነታችን ነው ብሎ ያስተማራቸው፣ እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ የተሟገተው ማን ነው? ኩባንያው ራሱ። ሰባት ዓመት “ያለዚህ ዜማ ሃርሊ የለም” ብሎ ሰብኮ፣ በስምንተኛው ዓመት ሌላ ዜማ ይዞ ቢመጣ የምእመናኑ ፊት ቢጠቁር ጥፋቱ የምእመናኑ ብቻ አይደለም። እኛ አገርም የታወቀ ገጣሚ የለመድነውን ምጣኔ ትቶ ሲመጣ “ይህ ግጥም አይደለም” ያልንባቸው ጊዜያት አሉ፤ ግጥሙን ሳናነብ፣ ምቱን ብቻ ሰምተን።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቪ-ሮድ ሃርሊ በእነዚያ ዓመታት ከሠራቸው ሁሉ ብርቱዋና እውነተኛዋ ሥራ ናት፤ ከሁሉም በላይ ሃርሊ ያልሆነችውም እሷ ናት። ድክመቷ ድምፅዋን መለወጧ አይደለም፤ ድምፅዋን ለውጣ ደረቷን አለመለወጧ ነው። ደፍራ ሳንባዋን ብታሳይ ኖሮ ምናልባት አንድም ሰው ሆንዳ አይላትም ነበር፤ ወይም ሁሉም ይሏት ነበር፤ ያኔ ግን የሚሏት ሳይጠራጠሩ ነው።

በአውሮፓ፣ የአባቶች ዜማ ያን ያህል በማይከብድበት፣ ብዙ ወዳጅ አገኘች። በገዛ አገሯ ግን ከዳር እንደቆመች በ2017 ምርቷ ቆመ። በ2021 ኩባንያው ስፖርትስተር ኤስ የተባለችውን አወጣ፤ በውሃ የምትቀዘቅዝ፣ ሁለት ሲሊንደሯ በ60 ዲግሪ የተከፈተ፣ 121 የፈረስ ጉልበት ያላት። በቪ-ሮድ ላይ የተነቀፈው ሁሉ እዚያ አለ። የእናቷን ስም ግን አላነሡላትም፤ ያወረሷት የድሮዋን ስፖርትስተርን ስም ነው።

አደራዬን አልፈጸምሁም። ለአክስቴ ልጅ የምለውን ሁሉ ብዬዋለሁ፤ በአሜሪካ መንገድ በተሄደው ርቀት ሲሰላ ሞተር ብስክሌት ላይ ያለ ሰው በመኪና ከተሳፈረው ከ20 እጥፍ በላይ ለሞት የተጋለጠ መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ የእናቱንም ዕድሜ አንሥቼበታለሁ። “አንቺ ራስሽ ሦስት ጊዜ ወጥተሽባታል” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ገብቼ አክስቴ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሷን ነው። አላስጣልሁትም አልኋቸው። ፎቶግራፏን በስልኬ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ “ምነው ተኝታለች?” አሉ። “አቋሟ ነው፣ እትዬ” አልሁ።

“ጩኸቷስ? የዚህ ሰፈሮቹ እኮ ጆሮ ይበጥሳሉ።”

ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ የምከላከልላት ነገር ተገኘ። “እሷስ አትጮኽም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው” አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና ስልኩን መለሱልኝ። “ታዲያ ባለ መኪናው መምጣቱን በምን ይሰማል?” አሉኝ።